«አይደለም!» ከተባለ በኋላ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ምንጣፉ ላይ ሁለት ዕቃ ተቀምጧል፤ ሲኒና ማንኪያ። ከዕቃዎቹ ፊት ኦቲዝም ያለበት የስድስት ዓመት ልጅ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። እናቱ እጇን ዘረጋችና «ማንኪያ ስጠኝ» አለችው። ሲኒውን አነሳ። «አይደለም! ማንኪያ!» ሲኒውን አስቀመጠና ማንኪያውን ሰጣት። «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ጌታ!» ግማሽ ብስኩት አፉ ገባ።

እንዲህ አሥር ጊዜ ተጠየቀ። ስድስቱን ጊዜ በመጀመሪያ ያነሳው ሲኒውን ነበር፤ አሥሩም ግን በ«ጎበዝ» አለቀ። እናትየው ወደ እኔ ዞር ብላ «አየህ ቲቸር፣ ያውቀዋል እኮ፤ እልህ ይዞት ነው እንጂ» አለችኝ።

አያውቀውም። የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዕቃ ሲቀርብ አንዱን ማንሳት፣ የእናት ድምፅ ከፍ ካለ ሌላውን ማንሳት፣ ከዚያ ብስኩት መብላት። ስሌቱ እንከን የለውም። ዕቃው ሁለት ብቻ እስከሆነ ድረስ አንድም ጊዜ ብስኩት አያሳጣውም፤ «ማንኪያ» የሚለውን ቃል መስማትም አያስፈልገው። እሷ ማንኪያ አስተማርኩ ትላለች። ልጁ የተማረው «አይደለም» ሲባል እጅ መቀየርን ነው።

በእሷ አልፈርድም። እኔም የልዩ ፍላጎት መምህር ሆኜ በጀመርኩባቸው ዓመታት ልክ እንዲህ አስተምር ነበር። ትምህርቱን እናዘጋጃለን፣ ሥዕሉን እንቆርጣለን፣ ሽልማቱን እንገዛለን። ልጁ ሲሳሳት ምን እንደምናደርግ ግን ቀድመን አናስብበትም፤ በዚያች ቅጽበት ከአፋችን የሚወጣው እኛ ልጅ ሳለን የሰማነው ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ደግሞ ከትምህርቱ ይልቅ እርማቱ ሊጎላበት ይችላል። እርማቱ ድምፅ አለው፣ ፊት አለው፣ እንቅስቃሴ አለው፣ መጨረሻው ላይም ብስኩት አለው።

«ሰው ከስህተቱ ይማራል» እንላለን። ብዙ ልጅ እውነትም ይማራል፤ ግን እንዴት እንደሚማር ልብ እንበል። አንዱን ልጅ «አይደለም» ስትለው ቀና ብሎ ያይሃል። ዓይንህ ወዴት እንደሄደ ይከተላል፣ ከድምፅህ ቁጣና ቀልድ ይለያል፣ ትንሽም ያፍራል። አንዲቷ ቃል ብቻዋን ምንም አልነገረችውም፤ የነገረው ዙሪያዋ ያለው ነው። ኦቲዝም በዋናነት የሚነካው ደግሞ ይህንኑ ዙሪያውን ነው፤ የሰውን ፊት፣ ዓይንና ድምፅ እንደ መልእክት ማንበብን። ሁሉም ልጅ እኩል አይደለም፤ ፊትህን ከማንም በላይ የሚያነብ ኦቲዝም ያለበት ልጅም አስተምሬያለሁ። ለብዙዎቹ ግን «አይደለም» ባዶ ድምፅ ነው፤ ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም።

አንዳንዴ ከባዶም ይብሳል፤ መዝናኛ ይሆናል። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የማውቃት አንዲት ልጅ የውሃውን ጆግ በገለበጠች ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ «ኧረ!» ብሎ ይነሳል። ሰው ፊት ላይ ምን እንደሚመጣ መገመት ለሚከብዳት ልጅ ይሄ በቀን ውስጥ ካለው ሁሉ የታወቀው ነገር ነው፤ ጆግ ገልብጥ፣ ሦስት ሰው ይነሳል። ማን ይተዋል?

የክፍሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በየትምህርት ቤታችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። ልጁ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ይጽፋል፣ መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሮ «ትክክል ነው?» ይላል፣ ተማሪው በአንድ ድምፅ «አይደለም!» ይላል። እኔ ራሴ በዚህ አድጌያለሁ። ድምፅ ጆሮውን እንደ መርፌ ለሚወጋው ልጅ ግን ይሄ እርማት ሳይሆን ፍንዳታ ነው። አንዱ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ሌላው ጩኸቱን ይወደውና ነገ ሆን ብሎ ይሳሳታል። ሁለቱም ስለ ፊደሉ አንዲት ነገር አልተማሩም። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ይማር የሚለው የአካቶ ትምህርት መመሪያ ልጁን ክፍል ውስጥ ያስገባዋል፤ ከገባ በኋላ የሚጠብቀው ግን ይሄ የሕብረት ድምፅ ነው።

ለመሆኑ ሳይሳሳቱ መማር ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ1963 ኸርበርት ቴራስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በእርግቦች ላይ አሳይቶ ነበር። ቀይ መብራት ሲበራ መንቆር እህል ያስገኛል፣ አረንጓዴ ሲበራ አያስገኝም። በተለመደው መንገድ እርግቧ አረንጓዴውን ደጋግማ እየነቆረች በስህተት ትማራለች። ቴራስ አረንጓዴውን መጀመሪያ በጣም ደብዛዛና አጭር አድርጎ አስገባው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ድምቀቱንም ጊዜውንም ጨመረ። እርግቦቹ ልዩነቱን ያለ ስህተት ማለት በሚቻል መልኩ ተማሩ። በስህተት የተማሩት ሲረበሹና ክንፋቸውን ሲያራግቡ እነዚህ ግን ረጋ ብለው ቆዩ። ልጅን ከእርግብ ጋር ማወዳደር ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ግን ያ የክንፍ ማራገብ በየክፍሉ የማየውን ሁሌ ያስታውሰኛል።

ሐሳቡ ወደ እኛ ፊደል ሲመጣ ቀላል ነው። «ተ»ንና «ቸ»ን ማለያየት የተቸገረ ልጅ አለ እንበል። ልዩነቱ ከላይ ያለችው ሰረዝ ብቻ ናት። እሷን በቀይ እስክሪብቶ ወፍራም አድርጎ መጻፍ፣ ልጁ ሳይሳሳት ከለየ በኋላ በየቀኑ እያቀጠኑ ቀለሙንም እያደበዘዙ መሄድ፣ በመጨረሻ ከሌላው ጥቁር ጋር እኩል ማድረግ። «ነ»ና «ኘ»፣ «ደ»ና «ጀ» እንዲሁ። በነገራችን ላይ ሀ-ሁን ከላይ እስከ ታች በዜማ የሚወርድ፣ «ለ የቷ ናት?» ሲባል ግን ማሳየት የማይችል ልጅ ብዙ ነው። ቦታዋን እንጂ መልኳን አያውቅም። ይሄን ልጅ «ታውቀው የለም እንዴ!» ብሎ መቆጣት ግፍ ነው።

«አይደለም!» ብሎ ጮክ ማለት ራሱ ከየት መጣ ቢባል፣ ከልማዳችን በተጨማሪ የሙያው ታሪክም አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢቫር ሎቫስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ጥናት ዓለምን አነጋግሯል። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አንድ ለአንድ ከተማሩ ኦቲዝም ያለባቸው 19 ልጆች 9ኙ ከእኩዮቻቸው ጋር በመደበኛ ክፍል መማር ቻሉ ይላል። ያው ጥናት ግን ላልተፈለገ ባህሪ ኃይለኛ «አይሆንም!» እና ጭን ላይ በጥፊ መምታትም ይጠቀም ነበር። ዛሬ ጥፊው በሙያው ውስጥ ቦታ የለውም፤ በዚያ መንገድ ያለፉ ሰዎች አድገው በራሳቸው አንደበት መናገር ከጀመሩ ወዲህ ስለ ዘዴው ያለው ክርክርም ከሯል። «አይሆንም!» ግን ከድሮ ቪዲዮዎች ላይ እየተለቀመ በስልክ ወደ እኛ ቤት ይገባል፤ እዚህ ደግሞ አቀባበል አያጣም።

ወደ ምንጣፉ እንመለስ። እዚያ ምን ይደረግ ነበር? መጀመሪያ ሦስተኛ ዕቃ ማምጣት፤ እኛ ካልሲ ጨመርን። ሦስት ሲሆን እጅ መቀየር ብቻ አያዋጣም። የዕቃዎቹን ቦታ በየጊዜው ማዘዋወርም ያስፈልጋል፤ ሁሌ የቀኙን የሚያነሳ ልጅ አለና። ቀጥሎ፣ ትምህርቱ አዲስ ከሆነ ስህተቱን አለመጠበቅ። «ማንኪያ ስጠኝ» ከተባለ ወዲያው የልጁን እጅ ቀስ አድርጎ ወደ ማንኪያው መምራት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክንዱን ብቻ መንካት፤ ከዚያ በጣት መጠቆም፤ ከዚያ ሦስት አራት ሰከንድ ዝም ብሎ መጠበቅ። ይሄ ዝምታ ለኛ ሰው ይከብደዋል። «ማንኪያ። ማንኪያ ስጠኝ። የቱ ነው ማንኪያ? እእ?» እያልን አንዱን ጥያቄ አራት እናደርገዋለን። ልጁ የመጀመሪያውን ገና እያሰላ ሳለ አራተኛው ይደርስበታል።

ይሁንና መሳሳቱ አይቀርም። ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል በመስጠት የሚጠይቅበትን፣ የሥዕል ልውውጥ የተባለውን የመግባቢያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመሩት አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት ለዚህ ያስቀመጡት አካሄድ አለ፤ እኔ ቤት ለቤት የማሳየው እሱን ነው። ሲኒውን አነሳ። አትናገር፣ ፊትህንም አታኮሳትር፤ ሲኒውን ተቀብለህ በቦታው መልስ። ማንኪያውን በጣትህ አሳየው። እንደገና «ማንኪያ ስጠኝ» በልና ወደ ማንኪያው ምራው። ሰጠህ፤ «አዎ፣ ማንኪያ» በል፣ ብስኩት ግን የለም። እዚህ ላይ ወላጅ ሁሉ ያቆማል፤ ልጁ ማንኪያውን ሰጥቷልና ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። አሁን ቀላል የሆነ፣ በደንብ የሚያውቀውን ሌላ ነገር እዘዘው፤ «አጨብጭብ»፣ «አፍንጫህን ንካ»። ከዚያ ያለ ምንም እገዛ፣ ጣትህን ሰብስበህ፣ ዓይንህንም ከማንኪያው ላይ አንስተህ «ማንኪያ ስጠኝ» በለው። አሁን ከሰጠህ ብስኩቱ ይምጣ፣ «ጎበዝ» ይምጣ፣ ቢያሻህ ወደ ላይ ወርውረህ ቅለበው።

ያ የማጨብጨቧ ነገር ዋዛ ትመስላለች። እሷ ከሌለች ግን ልጁ አሁን የሰጠውን መድገሙ ነው፤ ጣቱ ገና ትኩስ ነው። እሷ ከመሀል ስትገባ ቃሉን ይዞ መሻገር አለበት። ሽልማቱ መለያየቱም እንደዚሁ ነው። በእገዛ የመጣ መልስና በራሱ የመጣ መልስ እኩል ብስኩት ካስገኙ በራሱ ለመሞከር የሚደክምበት ምክንያት የለም።

የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ የማታገኘው፣ አማርኛ የሚያመጣብን ጣጣም አለ። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሰሙትን እንዳለ ይደግማሉ። እናት «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስትል ልጁ ሲጠማው «ውሃ ትፈልጋለህ» እያለ ይመጣል። ማን እንደፈለገ ያለው ግሡ ሆድ ውስጥ ነው፤ አንዲት ተውላጠ ስም ነቅሎ መተካት አይቻልም። እናት ታርመዋለች፤ «ትፈልጋለህ አይባልም፤ እፈልጋለሁ በል»። ልጁ በትጋት «እፈልጋለሁ በል» ይላል። «በል አትበል!» ትለዋለች። «በል አትበል» ይላል። ኮዬ ፈጬ አንድ ቤት ውስጥ ይሄን ስሰማ መሳቄን አልደብቅም፤ እናትየውም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

እዚህ የተሳሳተው እርማቱ ነው። ልጁ የሚደግም ከሆነ የሚደግመውን ነገር ማስተካከል የኛ ፋንታ ነው። ኩባያው ይታይ፣ ጥያቄ አይጠየቅ፤ ልጁ እጁን ሲዘረጋ አባት ወይም ታላቅ እህት ከጀርባው ሆነው በእሱ ቦታ «ውሃ እፈልጋለሁ» ይበሉ። «በል» የለም፣ «ትፈልጋለህ» የለም። ይደግማል፣ ውሃው ይመጣል። በሚቀጥሉት ቀናት ከጀርባ ያለው ድምፅ ወደ «ውሃ እፈ…» ያጥራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ከእናትና ከእህቶቹ ጋር ውሎ አባቱን «ነይ» የሚል ወንድ ልጅም ተመሳሳይ ነው። የሰማውን በታማኝነት መልሷል፤ የተሳሳተ ነገር አልሰማም።

በቅደም ተከተል ለሚሠራ ነገር፣ ለእጅ መታጠብ፣ ለልብስ መልበስ፣ እርማቱ ሌላ መልክ አለው። ዳር አካባቢ ባሉት ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከቧንቧ የሚታጠብበት ቀን አለ፣ ከጀሪካን በጆግ የሚታጠብበት ቀን አለ። ማዕከል ውስጥ በቧንቧ የተማረ ልጅ ቤቱ ሲመጣ ጆግ አይቶ ቢቆም ረስቶት አይደለም፤ ይሄኛውን ተምሮት አያውቅም። አንድ ልጅ ውሃ አስፈስሶ በቀጥታ ወደ ፎጣው ይሄዳል እንበል። እናት ሮጣ «ሳሙናውስ?» ብላ ሳሙና ታቀብለዋለች። በማግስቱም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ ልጁ የሚያውቀው አዲስ ቅደም ተከተል ነው፤ ውሃ፣ ፎጣ፣ የእናት ጩኸት፣ ሳሙና። መደረግ ያለበት ያለ ንግግር፣ ከጀርባ፣ ትከሻውን ይዞ መጨረሻ በትክክል ወደ ሠራው እርምጃ መመለስ ነው፤ እጁን እንደገና ማርጠብ፣ ፎጣውን ሳይነካ እጁን ወደ ሳሙናው መምራት፣ ከዚያ ወደፊት መልቀቅ። ከጀርባ ያልኩት ፊት ለፊት የቆመ ሰው ራሱ ከእርምጃዎቹ አንዱ ስለሚሆን ነው። ነገ እናት ከሌለች ልጁ ሰንሰለቱ ይበጠስበታል።

ይሄን ሁሉ የሰማ ወላጅ አንዳንዴ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳል፤ ልጁ አንዴም እንዳይሳሳት እጁን ሳይለቅ ዓመት ይሞላዋል። የስምንት ዓመት ልጅ የጃኬቱን ዚፕ ይዞ የእናቱን እጅ ሲጠብቅ አይቻለሁ። መሳብ ያውቅበታል፤ የሚጠብቀው እጇ ክርኑን እስኪነካው ነው። እገዛ በየጊዜው ካልቀነሰ የትምህርቱ አካል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሲጀመር ብዙ ማገዝ፣ ሲለምድ ቶሎ መልቀቅ፣ ከሁለት ሦስት ስህተት በኋላ ደግሞ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ። መቼ ምን ያህል እንደሚለቀቅ የሚነግርህ ልጁ ነው፤ መጽሐፍ አይደለም።

ሊታረም የማይገባውን ማረምም አለ። ዓይን አለማየት ስህተት አይደለም። አንተን እየሰማ እጁን ማራገብ ስህተት አይደለም። ሲደሰት በጣቱ ጫፍ መሄድ ስህተት አይደለም። አንድ ልጅ ባጃጁንም ሚኒባሱንም «ሰማያዊ» ይላቸዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም ሰማያዊ ቀለም አላቸውና ምን አጠፋ? በአስተያየቴ ጎረቤት እንዳያፍር ተብሎ የሚደረገው እርማት ልጁ እንዲግባባ ከሚደረገው ይበልጣል። «ሰላም በል! እጅ ስጥ! ቀና በል!» እየተባለ ከእንግዳ ፊት የሚገፋ ልጅ ቤቱ ሰው በመጣ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ ቢደበቅ አይገርመኝም።

ይሄን ሥራ ማን ይሥራው? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ቦታ ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከእሳቸው በኋላ ነህምያን የመሳሰሉ ማዕከላት መጡ። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ከዳር ሰፈር ለሚመጣ ደግሞ መንገዱም አለ። ከአባዶ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሌላ ታክሲ፣ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ጆሮውን የያዘ ልጅ፣ «ምን ሆኖ ነው? አታስታግሺውም?» የሚል ተሳፋሪ። ልጁ ትምህርቱ ቦታ ሲደርስ የቀኑን ጉልበት ጨርሷል። ስለዚህ ለብዙዎቹ መምህሯ እናት ናት፤ ወደድንም ጠላንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና አለ፤ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ለሆነ ልጆች አሳዳጊዎች የሚሰጥ፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች እንዲመሩት የታሰበ። ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት ሦስቱ የቤት ጉብኝቶች ናቸው። የእርማት ልማድ አዳራሽ ውስጥ አይታይም፤ ምንጣፉ ላይ ካልተቀመጥክ «አይደለም!» ስንት ጊዜ እንደሚባል አታውቅም፤ እናትየውም ራሷ አታውቅም። በየብሎኩ የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ክትባት እንደምትጠይቀው ሁሉ ይህንንም እንድታይ ብትሠለጥን ከአዲስ ሕንፃ ይረክሳል ባይ ነኝ።

የአባዶዋ እናት ደብተር ያዘች። ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ነው፤ በራሱ ከሠራ የመደመር ምልክት፣ በእገዛ ከሆነ «እ»፣ ከተሳሳተ ኤክስ። መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል ቲቸር፣ በዓይኔ አየው የለ?» ብላኝ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ስሄድ ገጹን ገለጠችልኝ። ማንኪያ ከአሥሩ ስምንቱ በራሱ ነው፤ ሲኒም መጥቷል፤ ካልሲ ግን አሁንም በ«እ» ላይ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ላይ ደግሞ ረድፉ በሙሉ ኤክስ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሁሉ። እኔ ዕቃዎቹን ወነጀልኩ፣ ከዚያ ብስኩቱ ሰልችቶት ይሆናል አልኩ።

እሷ ደብተሩን ትንሽ አየችና ሳቀች። ማክሰኞና ዓርብ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ትምህርቱ በሚጀመርበት ሰዓት ደረጃው ላይ ባልዲና ጀሪካን ይንኳኳል፣ ሮቶው ይጮሃል፣ ሰው በየፎቁ ይጣራል። በኤክሶቹ አጠገብ በእስክሪብቶ «ውሃ» ብላ ጻፈችና ሁለቱን ቀናት በሰረዝ ሰረዘቻቸው።